ስለ ማሪያኖ ሪቬራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ቤዝቦል ለማታውቁም ጭምር)

አሜሪካ የምንኖር አብዛኞቻችን ቤዝቦልን የምናውቀው ቲቪ ላይ ሲያልፍ ነው፣ ይረዝማል፣ ህጉ ግራ ያጋባል፣ ኳስ ሲባል ደሞ እኛ የለመድነው ሌላ ነው። እኔ ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፣ በማሪያኖ ሪቬራ። ስለሱ ሳወራ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁሌ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ወሩም አመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ማሪያኖ ሪቬራ ማነው?

የፓናማ ልጅ ነው፣ 1969 የተወለደ፣ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ከ1995 እስከ 2013 ድረስ 19 ሲዝን የወረወረ ፒቸር (ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች)። ሌላ ክለብ አያውቅም። 5 ጊዜ ወርልድ ሲሪስ (የሊጉን የፍጻሜ ውድድር፣ ቀድሞ 4 ጨዋታ ያሸነፈ የሚወስደውን) በልቷል (1996፣ 1998፣ 1999፣ 2000 እና 2009)፣ ከነዚህ ውስጥ በ4ቱ የመጨረሻዋን አውት (የተጋጣሚን መቺ ወይ ሯጭ ማስወጣት) ያወጣው እሱ ራሱ ነው። 652 ሴቭ አለው፣ በታሪክ አንደኛ።

ሴቭ ምንድነው? ፒቸርስ ሁሉም አንድ አይነት አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ጨዋታው 9 ኢኒንግ ነው (ኢኒንግ ሁለቱም ቡድን በየተራ 3 አውት እስኪወጣበት የሚመታበት ዙር ነው)፣ ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር ስታርተር ይባላል፣ አቅም ካለው 6 ወይ 7 ኢኒንግ ይሄዳል፣ ከዛ ክንዱ ሲደክም ሌሎች ከቡልፔን (ተጠባባቂ ፒቸሮች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) እየወጡ ይቀጥላሉ። ቡድኑ በጠባብ ውጤት እየመራ 9ኛው ላይ ሲደርስ የሚገባው ሰውዬ ደሞ ክሎዘር ነው። ስራው አንድ ነው፣ የቀሩትን 3 አውቶች አውጥቶ ጨዋታውን መዝጋት። በተለምዶ ቡድኑ ከ3 ራን (ነጥብ) ባልበለጠ ልዩነት እየመራ ገብቶ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ ድሉን ካስጠበቀ ሴቭ ይመዘገብለታል (ሌሎች መንገዶችም አሉ፣ ዋናው ግን ይሄ ነው)። ሴቭ በይፋ መመዝገብ የጀመረው 1969 ነው፣ ሪቬራ በተወለደበት አመት። እስካሁን 600 ሴቭ ያለፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እሱና 601 ያለው ትሬቨር ሆፍማን።

ከልጅነቱ ጀምሮ ፒቸር ነበር?

ብዙ ሰው የማያምነው ይሄንን ነው፣ አልነበረም። ያደገው ፖርቶ ካይሚቶ የምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር ነው፣ አባቱ የአሳ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ። ልጆቹ ጓንት የሚገዙበት ብር ስላልነበራቸው የወተት ካርቶን አጣጥፈው ጓንት ያደርጉ ነበር። ትምህርቱን 9ኛ ክፍል አካባቢ አቋርጦ አባቱ ጀልባ ላይ ሰርዲን ማጥመድ ጀመረ፣ 19 አመቱ ላይ ጀልባዋ ባህር ላይ ተገልብጣ ለትንሽ ነው የተረፈው። ቤዝቦል የሚጫወተው በትርፍ ጊዜው ነው፣ ቦታውም ሾርትስቶፕ ነበር፣ ማለትም በሁለተኛና በሶስተኛ ቤዝ (መቺው ሮጦ ከሚደርስባቸው ማረፊያዎች) መሀል ቆሞ ኳስ የሚይዝ እንጂ የሚወረውር አይደለም። አንድ ቀን የቡድኑ ፒቸር ሲመታ ሲመታ ዋለና እሱ ልሞክረው ብሎ ወጣ፣ ቆንጆ አድርጎ ወረወረ፣ ጓደኞቹም ለያንኪስ ሰዎች ነገሩለት።

በየካቲት 1990 ያንኪስ ሲያስፈርሙት የሰጡት 3 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። እድሜው 20 ነው፣ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ሰውነቱ ቀጭን ነው፣ ኳሱም በጣም ፈጣን የሚባል አልነበረም። በዛው አመት ፍሎሪዳ ውስጥ በጀማሪዎቹ ሊግ 52 ኢኒንግ ወርውሮ በሱ ጥፋት የገባበት 1 ራን ብቻ ነው።

ከዛ በቀጥታ ኮከብ ሆነ?

ኧረ የለም። በ1992 ክርኑ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ኦፕራሲዮኑን የሰሩት ዶክተር ፍራንክ ጆብ ናቸው፣ በ1974 ቶሚ ጆን የሚባለውን ፒቸር የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል ወስደው ቀይረው ወደ ሜዳ የመለሱት ሀኪም፣ ዛሬ ያ ኦፕራሲዮን በፒቸሩ ስም ነው የሚጠራው። የሪቬራ ጅማት ግን ሲከፈት መቀየር አላስፈለገውም፣ ጸዳ ተደርጎ ተዘጋ።

በዛው አመት መጨረሻ ሁለት አዲስ ክለቦች ሊጉን ሲቀላቀሉ ከነባሮቹ ክለቦች ተጫዋች እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፣ ያንኪስ እንዳይነኩብን ካሏቸው ስሞች ውስጥ ሪቬራ የለም። ማንም አልወሰደውም። ግንቦት 1995 ወደ ሜጀር ሊግ (ትልቁ ሊግ) ሲጠራ የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 4 ኢኒንግ እንኳ ሳይሞላ 5 ራን ገባበትና ትንሽ ቆይቶ ወደ ማይነር ሊግ (ታችኛው ሊግ) መለሱት። ክለቡም ወደ ዲትሮይት ሊሸጠው እያወራ ነበር። ትከሻውን አሞት ሁለት ሳምንት ገደማ አርፎ ሲመለስ ግን በሰአት 145 ኪሎሜትር አካባቢ የነበረው ፍጥነቱ ድንገት ከ150 በላይ ሆነ፣ ሽያጩም በዛው ቀረ። በሀምሌ 4 ተመልሶ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ላይ 8 ኢኒንግ ወርውሮ 11 ሰው ስትራይክ አውት አደረገ (መቺዎቹ ኳሷን መምታት አቅቷቸው ወጡ)። በ1996 የክሎዘሩ የጆን ዌትላንድ ረዳት ሆኖ 7ኛውንና 8ኛውን ኢኒንግ እየዘጋ ሰራ፣ ዌትላንድ የዛን አመት ወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሳለ ክለቡ ለቀቀውና ቦታውን ለሪቬራ ሰጡት። በክርኑ ኦፕራሲዮንና ክሎዘር በሆነበት ሲዝን መሀል ያለው ጊዜ 5 አመት እንኳ አይሞላም። ወጣቶች በ20 አመታቸው አበቃልን ሲሉ ስሰማ ሁሌ ይሄን ታሪክ ነው የምነግራቸው።

እውነት አንድ አይነት ኳስ ብቻ ነበር የሚወረውረው?

ወደ እውነት የቀረበ ነው። ሌሎች ፒቸሮች 3 ወይ 4 አይነት ኳስ ይወረውራሉ፣ ፈጣን፣ የምትታጠፍ፣ ቀስ የምትል፣ መቺው የቱ እንደሚመጣ እንዳያውቅ። ሪቬራ ግን ከወረወራቸው ከአስሩ ስምንቱና ዘጠኙ ካተር የሆኑባቸው አመታት አሉት። መቺው ያውቃል፣ ስታዲየሙ ሙሉ ህዝብ ያውቃል፣ ግን መምታት አልተቻለም።

ካተር ማለት ፈጣን ኳስ ትመስላለች፣ ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ መጨረሻ ላይ መቺው ዱላውን ማወዛወዝ ከጀመረ በኋላ ትንሽ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ትንሽ ነው የምላችሁ። ፒቸሩ ከቆመበት እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ነው፣ ኳሷ ያንን የምትጨርሰው በግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሆን ወደ 0.4 ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ከሄደች መቺው ሀሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ የለውም። የሪቬራ ኳስ የምትሸሸው ወደ ግራኝ መቺዎች እጅ ነው፣ ስለዚህ በዱላው ወፍራም ቦታ መሆኑ ቀርቶ ቀጭኑ እጀታ ጋ ትመታና ዱላው ይሰበራል። በ1999 ወርልድ ሲሪስ አራተኛው ጨዋታ ላይ የአትላንታው ራያን ክሌስኮ አንድ ጊዜ ብቻ ለመምታት ቆሞ 3 ዱላ ተሰብሮበታል፣ የራሱ ቡድን ልጆች ሳይቀሩ ሲስቁ ቲቪው አሳያቸው። በ2013 ሊሰናበት ሲል ደሞ ሚኒሶታ ትዊንስ በተሰበሩ ዱላዎች የተሰራ ተወዛዋዥ ወንበር ሰጡት፣ እኔ ካየኋቸው የስንብት ስጦታዎች ሁሉ እንደዚህ ልክ የሆነ የለም።

ኳሷን እንዴት አገኛት ብትሉ፣ አልፈለጋትም። 1997 በጋ ላይ ዲትሮይት ከጨዋታ በፊት ከቡድን ጓደኛው ከራሚሮ ሜንዶዛ ጋር እየተቀባበለ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ሜንዶዛ ኳሷ እየሸሸችበት መያዝ ተቸገረና ተው እንጂ አለው፣ ሪቬራ ደሞ እኔ ምንም አላደረኩም አለ። ካቸሩም (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚቀበለው) ግራ ገባው። ከአሰልጣኙ ከሜል ስቶትልማየር ጋር ሆነው ለሳምንታት ኳሷን ቀጥ ሊያደርጓት ለፉ፣ እምቢ አለች፣ በቃ እንግዲህ እንደመጣች እንጠቀምባት ተባለ። እሱ ራሱ ሁሌ የእግዚአብሔር ስጦታ ነች ይላል፣ ስላልፈለጋትም ስላልተማራትም። ለመስጠትም አይሰስትም፣ በ2008 ኦልስታር (የሊጉ ምርጦች የሚገናኙበት) ጨዋታ ላይ የተቃራኒ ክለብ ፒቸር የሆነው ሮይ ሀላዴይ አሳየኝ ሲለው አያያዙን አሳየው፣ ሀላዴይም ጣቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ ኳስ ላይ በስክሪብቶ አስምሮ ይዞ ሄደ።

አንድ ኢኒንግ ብቻ ለሚወረውር ሰው ያን ሁሉ ሚሊዮን መክፈል ያዋጣል?

ሪቬራ ከ2008 እስከ 2010 ለ3 አመት 45 ሚሊዮን ዶላር ነበር ኮንትራቱ። በአመት የሚወረውረው 60ና 70 ኢኒንግ ነው፣ ጥሩ ስታርተር ግን 200 ገደማ ይወረውራል፣ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ስለ ክሎዘሮች ደመወዝ ዛሬም ድረስ ይከራከሩበታል። የኔ አቋም፣ ለሌላው ክሎዘር ምናልባት አያዋጣ ይሆናል፣ ለሱ ግን ያዋጣ ነበር፣ ምክንያቱም የጥቅምት ወር አለ። ቤዝቦል ላይ 162 ጨዋታ ተጫውታችሁ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በጥቅምት ፕሌይኦፍ (ምርጦቹ ቡድኖች ለዋንጫ የሚጫወቱት) ነው፣ እዛ ላይ ደሞ የሪቬራ ኢአርኤ 0.70 ነው። ኢአርኤ ማለት ፒቸሩ 9 ኢኒንግ ቢወረውር በአማካይ በሱ ጥፋት ስንት ራን ይገባበታል ማለት ነው፣ 3 ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። 0.70 ደሞ በ141 ኢኒንግ ላይ! ባለ 42 ሴቭ። በነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች ሆምራን (ኳሷን መቶ ከአጥሩ በላይ ማውጣት) የመቱበት 2 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሳንዲ አሎማር በ1997 እና ጄይ ፔይተን በ2000። ሁሉም ሰው በሚንቀጠቀጥበት ወር እሱ ይበልጥ ይሻላል፣ መደበኛው ሲዝን ላይ 2.21 ነበር።

ተሸንፎ አያውቅም ማለት ነው?

ያውቃል እንጂ፣ ለኔ ደሞ ሽንፈቶቹ ናቸው ትልቅነቱን የሚያሳዩት።

የመጀመሪያው አሁን ያልኩት የአሎማር ሆምራን ነው፣ ክሎዘር በሆነ በመጀመሪያው አመት፣ ያንኪስ ያለፈ በመሰለበት ጨዋታ ላይ፣ በማግስቱም ተሸንፈው ከፕሌይኦፍ ወጡ። ብዙ ወጣት ክሎዘሮች ከእንደዚህ አይነት ነገር በኋላ አይመለሱም። እሱ በቀጣዮቹ 3 አመታት 3 ዋንጫ በተከታታይ ዘጋ።

ትልቁ ግን 2001 ነው። ህዳር 4፣ ፊኒክስ፣ ከአሪዞና ጋር ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ የመስከረም 11 የሽብር ጥቃት ከደረሰ ገና ሁለት ወር አልሞላም፣ ኒው ዮርክ ያንን ዋንጫ ምን ያህል እንደፈለገችው ማሰብ ነው። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመሩ ነው። ሪቬራ 8ኛው ላይ ገብቶ ሶስቱንም አውት በስትራይክ አውት አወጣ። 9ኛው ላይ ማርክ ግሬስ መታና ቤዝ ደረሰ፣ ቀጣዩ ኳሷን በዱላ ነካ አድርጎ ፊቱ ጣላት፣ ሪቬራ አንስቶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሲወረውር አበላሸው። እሱ! በእጁ የማይሳሳተው ሰውዬ። ከዛ ቶኒ ዎማክ መቶ 2 ለ 2 ሆነ፣ ቀጣዩን መቺ ኳሷ ገላውን መታችው፣ ቤዞቹ ሞሉ። ሉዊስ ጎንዛሌዝ መጣ፣ ካተሯ እንደሁልጊዜው እጀታው ጋ ገባችለት፣ ጎንዛሌዝም በደንብ አልመታትም፣ ግን ተከላካዮቹ ሯጩን ለመከልከል ወደፊት ተጠግተው ቆመው ስለነበር ኳሷ ከሾርትስቶፑ ከዴሪክ ጂተር ራስ በላይ አልፋ ባዶ ሳር ላይ ወደቀች። አለቀ፣ 3 ለ 2።

አሁን ይሄን ስሙ። የቡድኑ ልጅ ኤንሪኬ ዊልሰን፣ የዶሚኒካን ሰው ነው፣ ቢያሸንፉ ኖሮ የድሉን ሰልፍ ጨርሶ ሊሄድ የነበረው በህዳር 12ቱ በረራ ነበር። ስለተሸነፉ ሰልፍ ቀረ፣ ቀደም ብሎ አገሩ ገባ። ህዳር 12 ከኒው ዮርክ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የተነሳው በረራ 587 ኩዊንስ ላይ ወደቀ፣ የተሳፈሩት 260 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሪቬራ ከዛ በኋላ መሸነፋችን ደስ ይለኛል፣ ጓደኛዬ አለልኝ የሚል ሀሳብ ነው የተናገረው። እኛ ለበጎ ነው የምንለውን ነገር ሰውዬው በስራው ትልቁ ሽንፈት ላይ ነው ያለው።

የ2004ቱም አለ። ፕሌይኦፍ ላይ ከቦስተን ጋር ያንኪስ በጨዋታ 3 ለ 0 እየመሩ ለማለፍ አንድ ድል ሲቀራቸው አራተኛው ጨዋታ ላይ ሪቬራ 4 ለ 3 ይዞ 9ኛው ኢኒንግ ደረሰ፣ ኬቨን ሚላርን በነጻ አሳለፈው፣ በሱ ቦታ የገባው ዴቭ ሮበርትስ ሁለተኛ ቤዝ ሰረቀ (ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ደረሰ)፣ ቢል ሙለር መታ፣ እኩል። ቦስተን ያንን ጨዋታም ሲሪሱንም አሸነፉ፣ ከ0 ለ 3 ተነስቶ ያሸነፈ ቡድን ከዛ በፊት አልነበረም። ያ ሲሪስ ሲጀመር ደሞ ሪቬራ ፓናማ ቤቱ መዋኛ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሞቱ የሚስቱን ዘመዶች ቀብሮ ነው በዛው ቀን በአውሮፕላን የደረሰው፣ ደርሶም የመጀመሪያውን ጨዋታ ዘጋ። በቀጣዩ አመት ሚያዝያ ቦስተን ሜዳ ላይ ስሙ ሲጠራ የቦስተን ህዝብ እንደራሱ ልጅ አጨበጨበለት፣ አመሰግናለሁ ለማለት ነው መቼስ፣ እሱም ሳቀና ኮፍያውን አነሳላቸው። ይሄን ቪዲዮ ሳየው ሁሌ ደስ ይለኛል፣ ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አይታይም።

42 ቁጥር ለምን ይነሳል?

42 የጃኪ ሮቢንሰን ቁጥር ነው፣ በ1947 የዘር መድልዎውን ሰብሮ የገባው ጥቁር ተጫዋች። በ1997 ሊጉ ቁጥሩን ከሁሉም ክለብ አነሳው፣ በወቅቱ የለበሱት ብቻ እስኪጨርሱ ተፈቀደላቸው፣ የመጨረሻው ሪቬራ ሆነ።

ጉልበቱን ተጎድቶ አልነበር?

አዎ፣ ግንቦት 2012፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ። ከጨዋታ በፊት ልምምድ ላይ ወደ ሜዳው ዳር የሚመቱ ኳሶችን እየሮጠ መያዝ ይወድ ነበር፣ እንደዛ ሲያደርግ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። 42 አመቱ ነበር፣ ሁሉም አበቃ አለ። እሱ በማግስቱ እመለሳለሁ አለ፣ በ2013 ተመልሶ 44 ሴቭ ያዘ።

እንዴት ተሰናበተ?

በ2013 በየከተማው ሲሄድ የክለቦቹን ሰራተኞች ማለትም ምግብ ሻጮችን፣ አስተናባሪዎችን፣ ሜዳ የሚንከባከቡትን እየጠየቀ ቁጭ ብሎ ያወራቸው ነበር፣ አመሰግናለሁ ለማለት።

የመጨረሻ ጨዋታው በሜዳቸው መስከረም 26 ከታምፓ ቤይ ጋር ነበር፣ ያንኪስ እየተሸነፉ ነው፣ ሴቭም ምንም የለውም። 4 ሰው አከታትሎ አወጣ። 9ኛው ላይ አንድ አውት ሲቀር አሰልጣኙ ጆ ጂራርዲ ራሱ አልወጣም፣ ዳኛውን አስፈቅዶ አንዲ ፔቲትንና ዴሪክ ጂተርን ላካቸው፣ ከማይነር ሊግ ጀምሮ አብረውት ያደጉትን። ሪቬራ ፔቲት ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ረጅም ጊዜ ነው ያቀፈው፣ ፔቲትም አልለቀቀውም።

የዝና አዳራሽ (ሆል ኦፍ ፌም) ምርጫ ላይ 100 ፐርሰንት ያገኘ ብቸኛው እሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥር 2019፣ ከ425 ድምጽ ሰጪ ጋዜጠኞች 425ቱም መረጡት። ከሱ በፊት ማንም ሙሉ አግኝቶ አያውቅም፣ በቀጣዩ አመት ጂተር በአንድ ድምጽ አመለጠው፣ በ2025 ደሞ ጃፓናዊው ኢቺሮም በአንድ ድምጽ።

ልጄ ፒቸር መሆን ይፈልጋል፣ ምን ትመክራለህ?

ይሄን የሚጠይቁኝ እዚህ አገር ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቤዝቦል የጀመሩ ወላጆች ናቸው። ዋናው ነገር ክንዱን ጠብቁለት። ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ፌዴሬሽን ያወጡት መመሪያ አለ፣ 7 እና 8 አመት የሆነ ልጅ በቀን ከ50 ኳስ በላይ አይወርውር፣ 9 እና 10 ከ75፣ 11 እና 12 ከ85፣ 13 እና 14 ከ95። ከወረወረ በኋላ የእረፍት ቀናት አሉት፣ በአመት ደሞ ቢያንስ 4 ወር ምንም ሳይወረውር ይረፍ ይላል፣ ከዛ ውስጥ 2 ወይ 3 ወሩ ተከታታይ መሆን አለበት። በአንድ ጨዋታ ፒቸርም ካቸርም እንዳያደርጉት። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው ብሎ በየጨዋታው ካስወረወረው ቁጥሩን እናንተ ቁጠሩ፣ ክርኔን አመመኝ ካለ ያንኑ ቀን ይቁም፣ ማፈር የለም። ሪቬራ ራሱ እስከ 20 አመቱ ገደማ ፒቸር እንዳልነበረ አስታውሱ፣ የ10 አመት ልጅ ላይ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

አንድ ጨዋታ ብቻ ብታዘኝ የቱን ልይ?

ጥቅምት 16 ቀን 2003፣ ያንኪስ ከቦስተን፣ የፕሌይኦፍ ሰባተኛ ጨዋታ። ሪቬራ ለወትሮው አንድ ኢኒንግ፣ ቢበዛ ሁለት የሚወረውረው ሰውዬ እኩል በሆነ ጨዋታ 9ኛው ላይ ገብቶ 3 ኢኒንግ ምንም ሳያስገባ ወረወረ፣ 11ኛው ላይ አሮን ቡን ሆምራን መቶ ጨረሰው። ሁሉም ተጫዋች ወደ ቡን ሲሮጥ ሪቬራን ፈልጉት፣ የሚወረውርበት ጉብታ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ታገኙታላችሁ። ሙሉው ረጅም ነው፣ ጊዜ ከሌላችሁ ከ8ኛው ኢኒንግ ጀምሩ፣ ያንኪስ ፔድሮ ማርቲኔዝ ላይ 3 ራን አግብተው እኩል የሚሆኑት እዛ ነው።